የመስቀለኛው መንገድ ቀኝ እጅ

ኅዳር 24

ለተከበርሽው፣ ለምትፈሪው፣ ከእናታችን ቀጥሎ ጆሮዬን የመቆንጠጥ ሙሉ ሥልጣን ላለሽ ታላቅ እህቴ፦

ሰላምታዬ በመካከላችን ያለውን መንገድ ሁሉ ማንንም ሳይገጭና ማንም ሳይገጨው አልፎ ይድረስሽ። ጤናዬን ለጠየቅሽው፣ ከአንገቴ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታችም ደህና ነኝ። መሃል ላይ ትንሽ የጥገና ሥራ አለ።

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል አውቃለሁ። ቀኝ ክንዴ በማንጠልጠያ ታስሮ ሆዴ ላይ ተኝቷል። ብዕሩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በግራ እጄ ወረቀቱን ነው ከሥሩ የምጎትተው። ዕድሜ ልኩን መኪና ሲያስቆም የኖረ ትራፊክ ፖሊስ መጨረሻው ወረቀት መንዳት ሆነ።

«እንዴት ወደቅህ?» ላልሽው መልሱ አጭር ነው፤ ወደ ታች። ከምን ላይ? ከበርጩማ ላይ። ምን ስታደርግ? መጋረጃ ስሰቅል። አዎ፣ አውቶቡሱም ሲሚንቶ የጫነው ተሳቢም በግራና በቀኜ ሲያልፉ ልብሴን እንኳ ያልነኩብኝን ሰውዬ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጣለኝ። መሥሪያ ቤት ያወራሁት ግን ሌላ ነው። እዚያ የገጨኝ ተሳቢው ነው። አደራሽን፣ ይህ ከአንቺ እንዳይወጣ።

ቀዶ ጥገናው ሰምሯል። ሐኪሙ የተበጠሰውን የትከሻ ጅማት መልሶ ከአጥንቱ ጋር ሰፋውና «እኔ የእኔን ጨርሻለሁ፤ የቀረው የአንተና የፊዚዮቴራፒስቷ ነው» ብሎ ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቷ ቁመቷ ደረቴ ላይ ያልቃል፤ ሥልጣኗ ግን ጣሪያ ይነካል። ክንድ ታነሳለች፣ ጉልበት ታጥፋለች፣ ታዲያ ከአፏ ከ«ቀስ» ሌላ ቃል አይወጣም። ታካሚው ሁሉ «ወይዘሮ ቀስ» ነው የሚላት።

ሥራዬን በሚመለከት አለቃዬ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ብርቱካኑን እየላጠ እንዲህ አለኝ፦ «ግንቦት ላይ የሐኪሞች ቦርድ ያይሃል። ቀኝ እጅህ ከራስህ በላይ ከወጣ ወደ መስቀለኛው መንገድህ ትመለሳለህ። ካልወጣም አትከፋ፣ ታርጋ ክፍል ጥሩ ወንበር አለ።» ታርጋ ክፍል ማለት ጥፋት ካጠፉ መኪኖች የተፈቱ ሰሌዳዎች የሚከማቹበት ምድር ቤት ነው። እዚያ የሚሄድ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚቆምም የለም።

እመለሳለሁ። ይህን እንደ ተስፋ ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ውሰጂው።

ታናሽ ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

አቶ ቁም፦

እንደምን ከረምክ አልልህም፤ ተኝተህ እንደከረምክ ሚስትህ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬ ብቻ ምሽት ምሽት ጫማዬን አልለቅም እያለ ያስቸግረኛል።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሃል። ያለፈውን ረሳኸው? «ሄሎ» ስልህ ምጥ መጣ። «ኧረ አለሁ» ስልህ ሌላ ምጥ መጣ። የዚህ ጤና ጣቢያ አዋላጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ የሚወለድ ልጅ ደግሞ «ስልክ ላይ ናት፣ ትጨርስ» ብሎ አያውቅም። ደብዳቤ ግን ኪሴ ውስጥ ተጣጥፎ ይተኛል፤ አይጮህም፣ አይገፋም። መጥቼ ያላስታመምኩህም በዚሁ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ባታደርግም ሳልመጣ ነው የምቀረው።

በበርጩማው ነገር ሳቅሁ። ይሉኝታ ይዞኝ ትንሽ ታገልኩ፣ አልቻልኩም። ምጥ ላይ የነበረችው ሴት «ምን ተገኘ?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷም በሁለት ምጥ መካከል ሳቀች፤ ልጁ በዚያው ወጣ። አደራህን በልቼዋለሁ፣ ግን ለበጎ ሥራ ነው።

«ሕመሙን እንዴት ልቻለው?» ላልከው፣ ሕመም ሥራ የያዘና ሥራ ፈት አለ። ሥራ የያዘው መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ይሄዳል፤ እሱን አስገባው። ሥራ ፈቱ መጥቶ ይቀመጣል፣ ሌሊትም አይሄድም፤ እሱን ለወይዘሮ ቀስ ንገራት። ሁለቱን መለየት ካቃተህ አትፈላሰፍ፤ ጠይቅ።

ደግሞ ቀስ በል ስትልህ ቀስ በል። እኔ አንተን አውቅሃለሁ። ኩፍኝ ይዞህ «ድኛለሁ» ብለህ ወጥተህ ሰፈሩን በሙሉ ያስያዝክ ልጅ ነህ።

ታላቅህ


ጥር 19

ለውድ እህቴ፣ የሰው ልጅ ሁሉ መግቢያ በር ጠባቂ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ ከጫማው ጋር ታረቀ?

ማንጠልጠያው ተፈታ። ክንዴን ሳየው አላወቅሁትም፤ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ ሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ አጎንብሶ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ሰሞን ወይዘሮ ቀስ ራሷ ይዛ ታነሳውና ታወርደው ነበር፤ እኔ ተመልካች ነበርኩ። ቀጥሎ በሩ ላይ ገመድ ተሰቀለ። በግራ እጄ ቁልቁል ስስብ ቀኙ ሽቅብ ይወጣል። ዘመድ ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ ሲጎተት ሌላው ይከብራል። አሁን ደግሞ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት አስወጣለሁ። ሸረሪቷ ከትላንት ትንሽ ከፍ ካለች ባለቤቴ በጠመኔ ምልክት ታደርግልኛለች። ግድግዳችን ሕፃን የሚያድግበት ቤት መስሏል።

«ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» ብለሻል። የሕክምናው አዳራሽ ውስጥ ብረት ተደግፈው መራመድ የሚማሩ አሉ። አንዱ ጉልበቱ የተቀየረለት የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ይህ ሰው እኔ እጄን ትንሽ ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ብረቱን ይዞ ቀጥ ይላል።

«ለምን ቆምክ?» አለችው ወይዘሮ ቀስ።

«ሳያሳልፈኝ?»

«እሱ እኮ እንዳንተ ታካሚ ነው።»

«ለአንቺ ታካሚ ነው። የእኔን ታርጋ ግን ሁለቴ ፈቶታል።»

ከኋላው የምትመጣው ዳሌዋን የተሰበረች የሒሳብ መምህርት ደግሞ በክራንቿ ወለሉን እየመታች «ኧረ መንገድ ልቀቁ» ትላለች። በመጨረሻ ሰላም እንዲወርድ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞር ተወሰነ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቤት ውስጥ በስውር እለማመዳለሁ። የደንብ ልብሴን ለብሼ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ነጭ ጓንቴን አጥልቄ የቁምሳጥኑ መስታወት ፊት እቆማለሁ። ትላንት እጄ ከኮፍያው ጫፍ በላይ ወጣ። በዓይኔ አየሁት። ቦርዱ ለምን እስከ ግንቦት እንደሚጠብቅ አልገባኝም፤ ሌላ ሥራ ቢኖራቸው ነው።

ድል አድራጊው ወንድምሽ


የካቲት 8

ለእህቴ፦

ሰላምታዬ ዛሬ አጠር ያለ ነው፣ ይቅርታ።

«ሚስትህ የምትለው እውነት ነው?» ላልሽኝ፣ ምን እንዳለችሽ አልጠይቅም። ለእኔ ያለችኝ «እጅህን ስታነሳ ሊወድቅ ያለ አጥር ትመስላለህ» ነው። ቅናት መስሎኝ ነበር።

ድሌን ለወይዘሮ ቀስ ላበስር ኮፍያዬን ይዤ ሄድኩ። አሳየኋት። ከዚያ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ (ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር ያለኝን ጠብ ታውቂያለሽ)፣ አንዱን መዳፏን የግራ ጎድኔ ላይ፣ ሌላውን የቀኝ ትከሻዬ ላይ ጫነችና «በል አሁን አንሳ» አለች። እጄ ከትከሻዬ እኩል ደረሰና ቆመ። ለመንኩት። ቆጣ አልኩት። ወይ ፍንክች።

«አየህ» አለችኝ፣ «እጅህ ወደ ራስህ አልወጣም፤ ራስህ ነው ወደ እጅህ የወረደው።»

እንደዚያ ነበር ለካ። ወገቤ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ትከሻዬ ሽቅብ ይሰበሰባል፣ አንገቴ ዝቅ ይላል፣ ኮፍያው ከእነክብሩ ወርዶ ከእጄ ሥር ይገባል። መስታወቱ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ኮፍያዬን ብቻ ያየሁት።

ሾፌሩ ከብረቱ ላይ ሆኖ «አይዞህ፣ እኔም መንገዱ አጋደለ እያልኩ ስንቴ ጎማ ቀይሬያለሁ» አለኝ። ማጽናናቱ ነው መሰለኝ።

ገና ሦስት ወር አለኝ። ይበቃል።

ወንድምሽ


መጋቢት 2

ለምትወጂኝና ለምወድሽ እህቴ፦

እንደምን አለሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ጫማሽ፣ የወለዱት፣ ሊወልዱ ያሉት፣ ሁሉም እንደምን አሉ? እኛ ሁላችንም በጣም ደህና ነን። አየሩ ጥሩ ነው። ድመቷ ወልዳለች፤ አንቺ ሳትኖሪ ማድረጓ አስገርሞናል። ልጆቹ ትምህርታቸውን እየተከታተሉ ነው። ክንዴም ደህና ነው። መንገዱም ደህና ነው።

ሌላ የምነግርሽ ነገር የለም። ምናልባት አንድ ሰው የሆነ ነገር ቢጽፍልሽ አታምኚ፤ ሰው ያጋንናል።

ወንድምሽ


መጋቢት 17

አቶ ቁም ሆይ፦

አየሩ ጥሩ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ለድመቷም እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ።

በዚያ ደብዳቤህ ሦስት ቦታ «ደህና» ብለሃል። ልጅ ሆነህም ስታጠፋ እንዲሁ ነበርክ፤ «እማዬ፣ ሳህኑ ደህና ነው» እያልክ ትገባ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቅህ። ሚስትህ ጽፋልኛለች። «ሊሸነግለን ነው» ብላ የጀመረች ሴት አንድም ነገር አላጋነነችም፤ ቢበዛ ቀንሳልሃለች።

ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህና ቁርጥህን እወቅ። «ባልደረቦቼን ሰላም ልበል» ብለህ የደንብ ልብስህን ለብሰህ ወደ መስቀለኛው መንገድ ሄድክ። ተተኪህ የቆመ አውቶቡስ ሊያስገፋ ዞር ሲል ዘለህ ቦታው ላይ ወጣህ። አራቱንም አቅጣጫ ላቁም ብለህ እጅህን አነሳህ። እጅህ ትከሻህ ጋ ሲደርስ ደከመውና እዚያው ተዘረጋ። ሚስትህ እንዳስረዳችኝ፣ እጅ ከራስ በላይ ሲሆን «ቁሙ» ነው፣ ከትከሻ እኩል ሲዘረጋ «እለፉ» ነው። አንተ ለሁሉም ቁሙ አልክ፤ ሁሉም እለፉ ተባልን አሉ። የዳቦ መኪናው መጣ፣ የተማሪዎቹ አውቶቡስ መጣ፣ ተሳቢው መጣ። አንተ ደግሞ «ይበልጥ ላንሳው» እያልክ ይበልጥ ዘረጋኸው። እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው እንደ ክር ተቋጥሮ ዋለ። የተጎዳ ሰው አለመኖሩ የአንተ ጥበብ አይደለም፤ ሁሉም እርስ በርስ ተያይዘው መንቀሳቀስ ስላልቻሉ ነው። የተሰበረው አንድ መስታወት ብቻ ነው።

አለቃህም ብርቱካን ሳይዝ መጥቶ «ከእንግዲህ ቦርዱ አንዲት ጣት እንኳ አይምርህም» ማለቱን ሰምቻለሁ።

ስቄ ሳበቃ ግን ተቀመጥኩ። ምጥ ይዟት «እኔ ጨርሻለሁ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ብላ ጫማዋን ያደረገች ሴት አጋጥማኛለች። «እሺ፣ ሂጂ» አልኳት፣ «ልጁ ግን ገና አልሰማም።» አንተም ያው ነህ። አንተ ጨርሰሃል፤ ክንድህ ገና አልሰማም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ለምን ሄድክ? ሌላውን ሁሉ ዝለለው።

ታላቅህ


ሚያዝያ 6

እትዬ፦

ሌላውን ሁሉ ዘለልኩት። ለምን ሄድክ ነው ያልሽኝ።

ቤት ውስጥ እጄን ባነሳ የሚቆም ነገር የለም። ልጆቼ ያልፋሉ፣ ድመቷ ከእነልጆቿ ታልፋለች፣ ባለቤቴ ደግሞ «እጅህ ካልሠራ አፍህ ይረፍ» እያለች ታልፋለች። ይህን ስል ቀልድ ነው፣ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። መንገዱ ላይ ጠዋት ጠዋት አንዲት አሮጊት ይሻገራሉ። ግራ ቀኝ አያዩም። መኪናውን አያዩም። እኔን ብቻ ያዩና ይገባሉ። ምድር ቤት ወርጄ የታርጋ አቧራ ስጠርግ እኚያ ሴት ማንን አይተው ነው የሚገቡት? ተተኪዬ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ግን አውቶቡስ ላይ ነው። ይህን እያሰብኩ ግንቦትን መጠበቅ አቃተኝ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ወይዘሮ ቀስ ነገሩን የሰማችው ከሾፌሩ ነው፤ እሱ ከከተማው ሁሉ ቀድሞ ነው የሰማው። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን ነካክታ አየችው። «ጅማቱ ደህና ነው። ስፌቱ ከአንተ ይልቅ ትዕግሥት አለው» አለችኝ። ከዚያ ኮፍያዬን ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችና ቆለፈችበት። ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወትም የለም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጎማ ገመድ ስቤ፣ ቀላል ክብደት አንስቼ፣ የትኛው ትከሻ የትኛው ወገብ መሆኑን በስሜት ብቻ መለየት ነው የምማረው። የራስን አካል በዚህ ዕድሜ መተዋወቅ ያሳፍራል። «አንተ ነህ እንዴ? ከየት ነህ?» ማለት ነው የቀረኝ።

ትላንት ፊት ለፊት ጠየቅኋት፤ «እንደ ድሮው ይወጣል?»

«ከራስህ በላይ ይወጣል» አለችኝ። «እንደ ድሮው ከጆሮህ ላይ ግን አይለጠፍም። ትንሽ ፈንጠር ይላል።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ቦርዱ የሚከራከርበት ያህል።»

ይህን ሰምቼ ተኛሁ፤ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ። የማውቀው ነገር ሲሆን አልፈራም። አሁን የሚወጣው ሁሉ የእጄ ነው፤ ከወገቤ የተበደርኩት የለም።

ወንድምሽ


ግንቦት 1

ወንድሜ፦

ይህ ከቦርዱ በፊት ይደርስሃል፤ ካልደረሰህ ፖስተኛውን መንገድ ላይ አስቁመኸው ነው።

«ለምን ዝም አልሽ?» ብለሃል። የደበቅሁህ ነገር ስለነበረ ነው። በጸሎቴ ታርጋ ክፍል እንዲሰጥህ ስለምን ከረምኩ። ሚስትህም እንደዚያው። ሁለታችን ተጻጽፈን ተስማምተናል፤ በጥላ ሥር፣ በወንበር ላይ፣ ተሳቢ በማይደርስበት ምድር ቤት ተቀምጠህ እንድታረጅልን። ሰሌዳ ማንንም ገጭቶ አያውቅም ብለን ነው።

የአሮጊቷን ነገር ካነበብኩ በኋላ ግን አልሆነልኝም። እኔም እኮ ጡረታ ውጪ ሲሉኝ «እነዚህ ሴቶች ማንን አይተው ይግፉ?» ነው ያልኩት። ጸሎቴን መልሼ ወስጃለሁ። ሚስትህ የራሷን ገና አልወሰደችም፤ ከእሷ ጋር ተጨራረስ።

አንድ ምክር፦ እዚያ ስትቀርብ ያለህን አምጣ። ከሌለህ ላይ አትጨምር። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉህ ሳይሆን አንተ ምን እንዳደረግህ ጻፍልኝ።

ታላቅህ


ግንቦት 16

ለታላቅ እህቴ፣ ጸሎት ሰጪና ነሺ፦

ያደረግሁትን ነው የጠየቅሽኝ፤ ስለዚህ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

ቦርዱ ሦስት ሐኪሞች ነው። ሊቀመንበሩ ጸጉሩ የሸሸ ዝምተኛ ሰው ነው። ሸሚዜን አወለቅሁ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እጄን አነሳሁ። ቀስ እያለ ወጣ። ከትከሻዬ አለፈ፣ ከዓይኔ አለፈ፣ ከራሴ በላይ ሆነ፤ ከጆሮዬ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ወገቤ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ሐኪም ማዕዘን መለኪያውን አስጠግቶ አፉን አጣመመ።

«ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ቢሉ እኮ ይሞላ ነበር» አለኝ፤ ለእኔ አዝኖ ነው።

«ማዘንበል እችልበታለሁ፣ ጌታዬ» አልኩት። «ዛሬ ግን ያመጣሁት እጄን ብቻ ነው።»

ክርክር ተጀመረ። አንደኛው «ደንቡ ከራስ በላይ ነው የሚለው፤ ይኸው ከራስ በላይ ነው» አለ። ሌላው «ቀጥ ያለ አይደለም፤ ያለፈውን የከተማ ቋጠሮ አትርሱ» አለ። አንዱ ትከሻ፣ አንዱ ክርን፣ ከዚያ ደግሞ ደንብ ቁጥር ስንት እያሉ ቀጠሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ የታርጋው አቧራ ሸተተኝ።

ሊቀመንበሩ እስኪበቃቸው ጠብቆ «ሁለታችሁም መኪና ትነዳላችሁ አይደል?» አላቸው።

«እንነዳለን።»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቃል?» ብሎ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ወጣን። እኔ ካናቴራዬን ብቻ ለብሼ መሃል ላይ ቆምኩ፤ ኮፍያ የለ፣ ጓንት የለ። ጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ በየመስኮቱ ታካሚ ብቅ አለ። ሊቀመንበሩ አሮጌ መኪናውን ከበሩ ጋ አስነስቶ ወደ እኔ መጣ፤ ለይምሰል አይደለም፣ ጥሩ አድርጎ ነው የሚነዳው። እጄን አነሳሁ።

ቆመ።

ሐኪሞቹ አንድ ነገር መጻፍ ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ግን አልወረደም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ፈተናው አልቋል፣ መኪናው የራሱ ነው፣ ግቢውም ቢሆን የእሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሊያልፍ ግን አልደፈረም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ልለፍ?» አለኝ።

ክንዴን ያመኛል፤ ሥራ የያዘው ዓይነት ሕመም ነው። በግራ በኩል የሚመጣ የለም። በቀኝ በኩልም የለም። የሚሻገር ሰው የለም።

ትንሽ አቆየሁት።

ከዚያ አሳለፍኩት።

ወንድምሽ፣ ከሰኞ ጀምሮ በመስቀለኛው መንገድ የምገኝ